ለእማዬ ያልተረጎምኩት

ባለፈው ወር በልጄ ትምህርት ቤት ቢሮ ወረፋ ስጠብቅ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው ሳህን የሚንት ከረሜላ ሽታ ድንገት መጣብኝና ያገኘሁት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለሌላው ሰው ደስ የሚል ሽታ ነው። እኔን ግን የአስራ አንድ ዓመት ልጅ አድርጎ፣ በእማዬና በወንድሜ በናሆም መካከል ወዳለች አንዲት የፕላስቲክ ወንበር ይመልሰኛል።

ዲቪ ደርሶን ሌዊስቪል የገባነው አስፋልቱ ጫማ በሚይዝበት የነሐሴ ሙቀት ነበር። እማዬ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስካን እያደረገች ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውል ነበር፤ አባዬ ደግሞ የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳ ነበር፤ ፈረቃቸው ስለማይገጥም አራታችን አንድ ላይ የምንበላው እሁድ ብቻ ነበር። እኔ እንግሊዝኛውን ቶሎ ስለያዝኩት ከቤት ኪራይ ውል እስከ ሐኪም ቀጠሮ ድረስ የቤቱ አፍ ሆንኩ፤ እውነቱን ለመናገር በዚህ እኮራ ነበር። በሦስት ዓመት የሚበልጠኝ ናሆምም ቋንቋው አልጠፋውም፤ መናገሩን ነው የተወው። አዲስ አበባ ሳለን የሰፈሩ ቀልደኛ እሱ ነበር፤ እዚህ ግን አፉን በከፈተ ቁጥር ክፍሉ ስለሚስቅበት፣ ምሳውን እንኳ ሽንት ቤት ውስጥ በር ዘግቶ እንደሚበላ ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት ብርዱ እንደገባ የእማዬ አባት አገር ቤት አረፉ። አባዬ ወሬውን ሰምቶ ሦስት ሳምንት ደበቃት፤ እማዬ በደወለች ቁጥር ዘመዶቿ «ትንሽ አሟቸው ነው» ይሏታል፣ እኔና ናሆም ደግሞ እያወቅን አብረናት እራት እንበላለን። አንድ ቀን ከአፌ ሊያመልጠኝ ሲል፣ ከታች ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ዘነበች ክንዴን ይዘው ወደ ኩሽና ወሰዱኝና «መርዶ በልጅ አፍ አይነገርም፤ ሆድ ይፍጀው በይ፣ ጊዜው ሲደርስ ትልልቅ ሰዎች ይነግሯታል» አሉኝ። እማዬ ሥራ በማትገባበት ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሰዎች ቤታችንን ሞሉት። እማዬ ስትወድቅ የሚይዟት አራት ሴቶች ነበሩ። ክፉ ወሬ ትልቅ ሰው፣ ጊዜና የሚደግፍ ክንድ እንደሚያስፈልገው የተማርኩት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ዓመት ትምህርቴ ሁሉ አጥብቄ የያዝኩት ይኼንኑ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ከናሆም ትምህርት ቤት ተጠራን። እማዬ እኔን ከክፍሌ አስቀርታ ይዛኝ ሄደች። የተማሪዎች አማካሪዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች፤ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ ልጥራ ስትል እማዬ ደነገጠች። «አይሆንም በያት። አስተርጓሚው ሐበሻ ነው፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን ያገኘኛል። ልጄ አለችልኝ።» አማካሪዋ አመነታች፤ ቢሆንም እሺ ብላ ጠረጴዛዋ ላይ የነበረውን የሚንት ከረሜላ ሳህን ወደ እኛ ገፋ አደረገችውና መናገር ጀመረች።

ናሆም ለድርሰት በተሰጠው ወረቀት ላይ፣ ጠዋት ባይነቃ እንደሚመርጥ ጽፎ ነበር። ብቻውን እንዳይሆን፣ የሚያነጋግረው ሐኪም እንዳለ፣ ወረቀቱ ላይ ወላጅ ከፈረመ በዚያው ሳምንት ሊያየው እንደሚችል ቀስ ብላ አስረዳች። እማዬ ዓይን ዓይኔን እያየች «ምን አለች?» አለችኝ። ዩኒፎርሟን እንኳ አልቀየረችም ነበር። ብትወድቅ የሚይዛት ሰው በክፍሉ ውስጥ ፈለግሁና አጣሁ።

«ትንሽ ደክሞታል አለች» አልኳት። «እንቅልፍ ያንሰዋል።»

«ተመስገን! እኔ ደግሞ ተጣልቶ ነው ብዬ። ኦኬ በያት፣ ስልኩን እቀማዋለሁ፣ በጊዜ ይተኛል።»

ወደ አማካሪዋ ዞሬ፣ እናቴ አመስግናለች፣ ሐኪም ጋ እንወስደዋለን ብላለች አልኩ። ወረቀቱን ለአባዬ እሰጣለሁ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ናሆም ይህን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያይ ነበር፤ ስንነሳ ግን አንድ ከረሜላ አንስቶ ላስቲኩን ልጦ ሰጠኝ። እኔም በላሁት።

ከዚያ ጊዜውን መጠበቅ ጀመርኩ። አንዱ እሁድ አባዬ ደክሞት ተኛ፣ ሌላው እሁድ እንግዳ መጣ። ለእትዬ ዘነበች ልንገራቸው ብዬ በራቸውን ባንኳኳ፣ ለጥምቀት አገር ቤት ሄደው ከፋሲካ በፊት እንደማይመለሱ ሰማሁ። አማካሪዋ «ሐኪሙን አገኛችሁት?» የሚል መልእክት ሁለት ጊዜ ስልካችን ላይ ትታ ነበር፤ የእንግሊዝኛ መልእክት የማዳምጠው እኔ ስለነበርኩ፣ እሱንም ሆዴ ውስጥ ከተትኩት።

ብርዱ አልፎ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን መጮህ በሚጀምርበት ወቅት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ናሆም ራሱን ሊያጠፋ ሞከረ። አባዬ ደርሶ አተረፈው። ሆስፒታል ውስጥ ማንም እኔን አልጠየቀኝም፤ በስልኩ ውስጥ ያለው አስተርጓሚ፣ ያ እማዬ የፈራችው ሐበሻ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራት፤ ሐኪሞቹ ትምህርት ቤቱ ደውለው የሰሙትን፣ ያኔ ቅጠሉ ሲረግፍ የተነገረንንም ጭምር። እማዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ። ትመታኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «አንቺ ልጅ ነሽ፤ እዚያ ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ» አለችኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ነገር አስተርጉሚልኝ ብላኝ አታውቅም።

ናሆም ዛሬ ዴንተን ከተማ ብቻውን እየኖረ ብስክሌት ይጠግናል። ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚያ ቀን ይቅርታ ስጠይቀው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ሁለታችሁንም እኮ ሰምቻለሁ ቤዚ፣ አማካሪዋ ያለችውንም አንቺ ያልሽውንም» አለኝ። «ማለቴ፣ አልተቀየምኩሽም። ግን ያኔ ነው ነገሩ ለሰው የማይነገር እንደሆነ የገባኝ።»

ባለፈው ወር በዚያ ቢሮ ከፊቴ የቆመች አንዲት ሐበሻ እናት ትንሽ ልጇን ልታስተረጉምላት ወደ ፊት ስትገፋት፣ ጸሐፊዋ «ልጅ እንዲያስተረጉም አናደርግም» ብላ ልጅቷን ከረሜላ አስይዛ ወደ ክፍሏ ላከቻትና አስተርጓሚ ልትጠራ ስልኩን አነሳች። ደስ አለኝ፤ ቀናሁም። እንዲህ ያለ ሰው ያኔ አላገኘሁም።

እኔ አሁን በየጠዋቱ ለናሆም እደውላለሁ። «ደህና ነኝ ቤዚ፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው» ይለኛል። ድምፁ የተረጋጋ ነው። ያኔ ለእማዬ ስነግራት የእኔም ድምፅ የተረጋጋ ነበር።