የኦፕሬተር ባዩ ሁለት ዕድሜ

ጋሼ ባዩ ሁለት ዕድሜ አላቸው። አንደኛው ስልሳ ሰባት ነው፤ እሱን የሰጧቸው እናታቸው ናቸው። ሁለተኛው ሰባ አምስት ነው፤ እሱን ደግሞ የሰጧቸው ጋሼ ኣብራሃለይ ናቸው።

ጋሼ ባዩ የእናቴ ወንድም ናቸው። የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆላንድ ሲገቡ በስደተኞች መቀበያው ያስተረጉሙ የነበሩት ጋሼ ኣብራሃለይ ነበሩ። የአስመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛን በትምህርት ቤት ተምረዋል፤ ቀደም ብለው ስለመጡም ሆላንድኛ ይሞካክሩ ነበር። መዝጋቢዋ የትውልድ ዘመን ጠየቀች። ጋሼ ባዩ “ሃምሳ አንድ፣ ግንቦት” አሉ። ጋሼ ኣብራሃለይ ለዚያ ቀን አሥራ አራተኛውን ሰው እያስተረጎሙ ስለነበር የተነገራቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ረሱት። ቁራጭ ወረቀት ላይ 1951 ብለው ጻፉላት። ወሩን ማንም ስላልነገራት ጃንዋሪ አንድ ብላ ሞላችው። በፈረንጅ ቢሰላ 1959 መሆን ነበረበት።

ስህተቱ የታወቀው መታወቂያው ሲመጣ ነው። ማስረጃ አምጡ ተባሉ። እሳቸው በተወለዱበት መንደር የልደት መዝገብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በኋላ ከቀበሌ ያስመጡት ወረቀትም አዲስ ነው ተብሎ ተመለሰ። ነገሩ እንዲሁ ቀረ። ሁለቱ ሰዎች ግን በዚያው ጓደኛ ሆነው ቀሩ።

“አስረጅቶኝ ሲያበቃ በሰላም ይተኛል” ይላሉ ጋሼ ባዩ።

“ስምንት ዓመት በነፃ ሰጥቼህ አንድ ቀን አመስግነኸኝ አታውቅም” ይላሉ ጋሼ ኣብራሃለይ።

የጋሼ ባዩ ባለቤት እትዬ የትነበርሽ ደግሞ ሰው በጠየቃቸው ቁጥር “እኔ ያገባሁት ጎረምሳ ነው፤ ሽማግሌው ያለው ወረቀቱ ላይ ነው” ይላሉ። ልጄ ሮዳስ ስድስት ዓመቷ ነው። እዚሁ ተወልዳ ስላደገች “እርስዎ” የሚባለው ነገር አልገባትም።

“አንተ ስንት ዓመትህ ነው?” አለቻቸው አንድ ቀን።

“የቱን ልንገርሽ?”

“ትልቁን።”

ሥራቸው የትራክተር ኦፕሬተርነት ነበር። በሃያ ዓመታቸው አዋሽ ዳር በሚገኝ የመንግሥት የጥጥ እርሻ ቀይ ማሲ ፈርጉሰን ላይ ወጡ፤ አገር ለቀው እስኪሰደዱ ድረስም አልወረዱም። ከሹመት ሁሉ የሚወዱት “ኦፕሬተር ባዩ” መባልን ነው። ትልማቸው ቀጥ እንዲል ከማሳው ማዶ አንድ ዛፍ ይመርጣሉ፤ ጫፍ እስኪደርሱ ዓይናቸውን ከዛፉ ላይ አይነቅሉም። ዴን ሃግ ከተማ ከገቡ በኋላ መጀመሪያ ትምህርት ቤት ያጸዱ ነበር። ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ትንሿን የመንገድ መጥረጊያ መኪና ሰጣቸው። ላክ የሚባለውን ሰፈር ጎዳናዎች አሥራ ስምንት ዓመት በእሷ ጠረጉ። የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ እንደ ትልም ይዘው ስለሚሄዱ አለቃቸው አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ እሳቸውን እያሳየ ያስተምር ነበር አሉ። በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ኬክ ተቆርጦ ጡረታ ወጡ። ወረቀቱ ስልሳ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቀረቻቸው የራሳቸው መኪና ናት። እሁድ እሁድ አውቶቡስ የማይመቻቸውን እናቶች ከላክ ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን ያደርሱባት ነበር።

ባለፈው ጥር ደብዳቤ መጣ። የሆላንድኛ ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ለዚሁ ሮተርዳም ካለው ሰፈሬ ከሻርሎይስ ላክ ድረስ እመላለሳለሁ። ደብዳቤው እንደሚለው ሰባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ሐኪም ሳያየው መንጃ ፈቃዱ አይታደስም። ምርመራውን ኬውሪንግ ይሉታል።

“ሰባ አምስት የሞላው ሰው ይሂዳ” አሉ ጋሼ ባዩ።

“ጋሼ፣ አንድ ፎርም መሙላት ነው። ከዚያ ሐኪሙ ዓይንዎንና ግፊትዎን ያይዎታል፤ አለቀ።”

“ፎርሙ ላይ የትውልድ ዘመን ይጠይቃል አይደል?”

“ይጠይቃል።”

“በቃ።”

በዚህ ሁሉ ዓመት 1951 የሚለውን ቁጥር በራሳቸው እጅ ጽፈውት አያውቁም። ባንክም ይሁን ሆስፒታል፣ እዚያ መስመር ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶውን ለሌላ ሰው ያቀብላሉ። ኬውሪንጉን ግን ማንም ሊሄድላቸው አይችልም። መኪናዋ ከቤት ፊት ለፊት ቆመች፤ እናቶቹም ሌላ ሰው ፈለጉ። እኔ ፎርሙን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አንድ ቀን ይጠይቁኛል ብዬ ነው።

በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሮዳስን ይዤ አንድ ሳምንት ከዴልፍት ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የነኑኃሚን እርሻ ላይ አሳለፍኩ። ኑኃሚን የጋሼ ባዩ ልጅ ናት፤ ባሏ ያፕ ላም አርቢ ነው። ጋሼ ባዩም እዚያው ነበሩ። መንደሩ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የአሮጌ ትራክተር ትርዒት አለው፤ ጠዋት ሜዳው ላይ ይታያሉ፣ ከሰዓት በኋላ በመንደሩ መንገድ በሰልፍ ይሄዳሉ። ያፕ ሁለት አለው፤ አንዱ ሰማያዊ ነው፣ ሌላው ከአያቱ የወረሰው ቀይ ማሲ ፈርጉሰን። ማሲውን ሁልጊዜ የሚነዳው ወንድሙ ዘንድሮ ወገቡን ታሞ ተኛ።

ረቡዕ ቁርስ ላይ ያፕ ጋሼ ባዩን “አንተ ትነዳልኛለህ?” አላቸው።

ጋሼ ባዩ ዳቦአቸውን አስቀመጡ። “እነዳለሁ” አሉ።

ጎተራው ውስጥ ገብተው ማሲውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። የሞተሩን ክዳን ከፍተው አዩ፣ ዘጉት፣ ወጥተው ተቀመጡበት። ማርሹን ሳያዩ አገኙት። ያን ቀንና በማግስቱ በግቢው ውስጥ ሲነዱ ዋሉ። ሮዳስ አጥር ላይ ተቀምጣ ዙሩን ትቆጥርላቸው ነበር። እትዬ የትነበርሽ ሥራ ስለነበራቸው አልመጡም፤ ስልክ ደውለው “ድምፁ ራሱ ተለውጧል፤ ምን አበላችሁት?” አሉኝ።

እዚያ ካለነው ውስጥ መንጃ ፈቃዱ ማለቁን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሐሙስ ጠዋት ወተት ማቀዝቀዣው አጠገብ ብቻቸውን አገኘኋቸው።

“ጋሼ፣ ለያፕ ነገሩት?”

“ምኑን?”

“ምኑን እንደሆነ ያውቁታል።”

“ትራክተር ነው፤ አውሮፕላን አይደለም።”

“ሰልፉ በመኪና መንገድ ነው የሚያልፈው። አንድ ነገር ቢፈጠር ኢንሹራንሱ በያፕ ስም ነው።”

“በዕድሜዬ አንድ ዶሮ ገጭቼ አላውቅም።”

“ዶሮ አላልኩም እኮ።”

“አንቺ ልጅ የእናትሽን አፍ ነው የወረስሽው” ብለው ወጡ።

ለኑኃሚን ልነግራት አስቤ ተውኩት። ጋሼ ባዩ ራሳቸው ቢናገሩ ይሻላል አልኩ፤ እስከ ቅዳሜም ጊዜ አላቸው።

ቅዳሜ ጋሼ ኣብራሃለይ ከዴልፍት በአውቶቡስ መጡ። ኮትና ከረባት አድርገው ነበር።

“ለብረት ነው ከረባት ያሰርከው?” አሏቸው ጋሼ ባዩ።

“አዛውንት ልጠይቅ መጥቼ ነው።”

መግቢያው ላይ በየትራክተሩ የሚንጠለጠል ቢጫ ሪባን ይሰጣል፤ “ኦልድታይመር” ይላል፣ አሮጌ ማለት ነው። ጋሼ ኣብራሃለይ ሪባኑን ተቀብለው በጋሼ ባዩ ኮሌታ ላይ አሰሩት። ጋሼ ባዩ ፈትተው ማሲው ላይ አሰሩት።

ሜዳው ላይ ወደ መቶ የሚጠጉ ትራክተሮች ተደርድረው ነበር። በያንዳንዱ ፊት ካርድ ተሰቅሏል፤ ስሙን፣ የተሠራበትን ዓመትና ባለቤቱን ይናገራል። የማሲው ካርድ 1958 ይላል። የማኅበሩ አዋቂ የተባሉ አንድ ሽማግሌ የእጅ ባትሪና ትንሽ ደብተር ይዘው ከትራክተር ትራክተር እየዞሩ ይመለከታሉ። እኛ ጋ ሲደርሱ ተንበረከኩ፣ ከማርሽ ሳጥኑ ሥር ያለውን ጭቃ በጨርቅ ጠረጉ፣ አበሩበት፣ ደብተራቸውን ገለጡ።

“ይሄ የሃምሳ ስምንት አይደለም” አሉ ለያፕ። “ብረቱ ላይ የተቀረጸው ስልሳ አራት ነው። ከላይ ያለው ሰሌዳ የሌላ ትራክተር ነው።”

ያፕ ራሱን አከከ። “አያቴ ‘አባትህ በተወለደ ዓመት የገዛሁት ነው’ ይል ነበር።”

“ያኔ የገዙት ሌላ ይሆናላ። የቱን ልጻፍልህ፣ የአያትህን ነው የብረቱን?”

ያፕ ሰሌዳውን በጣቱ ነካ አደረገ። “የብረቱን” አለ።

ሰውየው ካርዱ ላይ አንድ መስመር ሰርዘው 1964 ብለው ጻፉና ወደሚቀጥለው ሄዱ።

ጋሼ ባዩ ካርዱን ቆመው አዩት። “አየህ?” አሉ ለጋሼ ኣብራሃለይ። “ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።”

“አንተ ላይ የተቀረጸ ነገር የለማ።” ጋሼ ኣብራሃለይ ከረባታቸውን አላሉ። “ያን ቀን ደክሞኝ ነበር ባዩ።”

ቀልድ ያልሆነ ነገር ሲናገሩ የሰማኋቸው ያኔ ነው። ጋሼ ባዩ “አውቃለሁ” አሉ።

ከዚያ ለሰልፉ መመዝገብ ነበረብን። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሴት የያንዳንዱን ነጂ መንጃ ፈቃድ እያየች ስሙ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ያፕ የሱን አሳይቶ አለፈ። ጋሼ ባዩ የሳቸውን ሰጧት። ፎቶውን አየች፣ ፊታቸውን አየች፣ ፈገግ ብላ ልትመልስላቸው እጇን ዘረጋች። ቀኑን አላየችውም። ቢቀበሏት ነገሩ ያልቅ ነበር።

ጋሼ ባዩ ጣታቸውን ቀኑ ላይ አሳረፉ። “ጊዜው አልፏል” አሉ በሆላንድኛ።

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ አነበበች። “እንግዲያው መንገድ ላይ አይቻልም” አለች።

ያፕ ተመለሰ። “መቼ ነው ያለፈው?”

“ጥር ላይ።”

“አባዬ” አለች ኑኃሚን፣ “ከረቡዕ ጀምሮ ስትነዳ?”

“ከረቡዕ ጀምሮ። ግቢ ውስጥ ነው።” ከዚያ ወደ ያፕ ዞሩ። “አስቀድሜ ልነግርህ ይገባ ነበር።”

ያፕ እኔን አየኝ፤ እኔ ሮዳስን አየሁ። ሴትየዋ ግን ዝርዝሯን እየተመለከተች ነበር። ሜዳው መንገድ አይደለም አለች፤ አምስት ሰዓት ላይ ሜዳውን ከከለለው ገመድ ወዲያ ባለው ማሳ የማረስ ማሳያ ስላለ፣ ማሲው ማረሻ ካለው መግባት ይችላል። ያፕ ማረሻ ከጎረቤቱ ተዋሰ።

ጋሼ ባዩ ማሳው ጫፍ ላይ ቆመው ማዶውን ቃኙ። እዚህ አገር ሜዳው ባዶ ስለሆነ ዛፍ አልነበረም፤ የሩቅ መንደር ቤተ ክርስቲያን ጫፍ መረጡ። ማሲው ጭሱን ተፍቶ ተነሳ። ሄደው እስኪዞሩ ድረስ አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አላዩም። የእንጨት ጫማ ያደረገ አንድ ገበሬ በትልሙ ዳር እየተራመደ እስከ መጨረሻው ተከተለው። ተመልሶ ጋሼ ኣብራሃለይን፣ ከረባት ስላሰሩ ይመስለኛል፣ “ይሄ ሰውዬ የት ነው የተማረው?” አላቸው።

“ጥጥ ላይ።”

“ዕድሜው ስንት ነው?”

ጋሼ ኣብራሃለይ ትንሽ አሰቡ። “ስልሳ ሰባት” አሉ።

“ትልቁ ግን ሰባ አምስት ነው” አለች ሮዳስ። ሰውየው አልገባውም፤ ሳቅ ብሎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ማሲውን ወደ መንገዱ ያወጣችው ኑኃሚን ናት። ጋሼ ባዩ ከገመዱ ጀርባ ቆሙ። ስትነሳ ማርሹ ጮኸ። “ፍሪሲዮን፣ ፍሪሲዮን” አሉ ለራሳቸው። ትራክተሮቹ አንድ በአንድ አለፉ፤ የመጨረሻው ድልድዩን ተሻግሮ በመታጠፊያው ሲሰወር ድምፁ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ።

“ያ ወረቀት አለሽ?” አሉኝ፣ ወደ መንገዱ እንዳዩ።

“አለ።”

“የት?”

“ቦርሳዬ ውስጥ። ከጥር ጀምሮ።”

“አልኩሽ፣ የእናትሽ ልጅ ነሽ።”

ድንች ጥብስ ከሚሸጥበት ድንኳን አጠገብ ባለ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ፎርሙን አንድ ጥግ ላይ የሮዳስ ብስኩት አወዝቶታል። ነፋስ ስለነበር ጋሼ ኣብራሃለይ በሁለት እጃቸው ያዙት። የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም፣ ስኳር እያልኩ አነበብኩላቸው፤ ሁሉንም የለም አሉ። የትውልድ ዘመን የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

“እኔ ልጻፍልህ?” አሉ ጋሼ ኣብራሃለይ።

“አንተማ አንዴ ጽፈህልኛል።”

ጎንበስ ብለው ጻፉ። ቁጥሮቹን ለየብቻ፣ ቀስ ብለው፣ አንድ፣ ዘጠኝ፣ አምስት፣ አንድ።

ሐኪሙ ጋ አብሬያቸው የሄድኩት መስከረም ላይ ነው። ዓይናቸውን አየ፣ ግፊታቸውን ለካ፣ ዓይናቸውን አስጨፍኖ በአንድ እግራቸው አቆማቸው። ሰባ አምስት ዓመት ሆኖት እንዲህ የሚቆም ሰው ብዙም አይቼ አላውቅም አለ፤ ምን እንደሚበሉም ጠየቃቸው። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጋሼ ባዩ ጃኬታቸውን እየለበሱ “አመሰግናለሁ” አሉት፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

አዲሱ ፈቃድ በጥቅምት መጣ። እናቶቹ በሚቀጥለው እሁድ ተመለሱ፤ ያፕም ለከርሞ ማሲው የሳቸው መሆኑን በኑኃሚን በኩል ልኮላቸዋል። ፈቃዱ የሚያገለግለው አምስት ዓመት ነው፤ ያኔ ወረቀቱ ሰማንያ ይላቸዋል። እሳቸው ግን ሰባ ሁለት ይሆናቸዋል።