ከጠረጴዛው ስር

ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሙም ጥበቃውም «ሃሎ» ነበር የሚሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከደረጃው ስር ባለች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ ኖራለች። ስልኩ ይጮኻል፣ ታነሣለች፣ «ሃሎ፣ ከማን ላገናኝዎ?» ትላለች፣ ታገናኛለች። ከዕለታት አንድ ቀን «ለድንገተኛ ክፍል አንድን ይጫኑ፣ ለማዋለጃ ክፍል ሁለትን ይጫኑ» የሚል መሣሪያ አስገቡና እሷን የምስጋና ደብዳቤና የግድግዳ ሰዓት ሰጥተው ሸኟት። ሥራ የሌለው ሰው ሰዓት ምን ያደርግለታል? እስቲ ንገሩኝ!

አላለቀሰችም። ሰዉ ሁሉ ታለቅሳለች ብሎ ሲጠብቅ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲያስቋትም ሲያስከፏትም ያው ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ቤት ትጠርጋለች፤ ውስጧ ግን ምንም አይሰማትም።

ባሏ የብየዳ ሠራተኛ ነበር። ሠላሳ ዓመት እሳት ሲያይ ኖሮ ዓይኑ ስለደከመ ሐኪሙ ከሥራው አግዶታል። እንግዲህ ቤቱ በእሷ ላይ ቀረ። ስለዚህ አንድ ድርጅት የደንበኞችን ስልክ የሚመልስ ሰው እንደሚፈልግ ሲሰማ፣ ከእሷ ይልቅ እሱ ነው የተንጰረጰረው። «ይሄ እኮ ላንቺ የተሰፋ ሥራ ነው!» አላት። እሷም ልክ መሆኑን ታውቃለች። ይህ ካመለጣት፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ሌላ የሚጠራት እንደሌለም ታውቃለች። እሱም ያውቃል፤ ግን አያወሩትም።

ማመልከቻው ገባ፤ ጥሪው መጣ። ቃለ መጠይቁ ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ፣ በቪዲዮ ነው ተባለ። ላፕቶፑን ጎረቤታቸው አስተማሪው አዋሳቸው። «ባትሪው ሞቷል፣ ከተነቀለ ወዲያው ነው የሚጠፋው» ብሎ አስጠንቅቋቸዋል፤ ሰውየው አልዋሸም። ችግሩ የግድግዳው ሶኬት ነው፤ ላልቶ ቻርጀሩን አልይዝ አለ። ባልየው «ይሄንን ለኔ ተይው!» ብሎ ወረቀት አጣጥፎ ወሸቀበት፣ ፕላስተር ለጠፈበት፣ ግድግዳውን ተሳደበ። ሰዓቱ ለአራት አምስት ጉዳይ ሆነ፤ ሶኬቱ ወይ ፍንክች!

«በቃ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለ።

«ትይዘዋለህ ስትል?»

«በእጄ ነዋ! አንቺ ሰዎቹን አነጋግሪ፣ የታችኛውን ለኔ ተይው።»

ይህን ብሎ የስድሳ ዓመት ሰውዬ በእንብርክኩ ከጠረጴዛው ስር ገባላችሁ። እሷ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ተቀመጠች።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ፤ አንዷ የክፍሉ ኃላፊ፣ ሌላው መነጽር ያደረገ ጎልማሳ። ኃላፊዋ «እመቤት፣ ድምፅዎ አይሰማንም» አለቻት። ለካ ማይኩን ዘግታዋለች! የማዞሪያ ሠራተኛ ሌላው ሲናገር የራሷን ወገን መዝጋት ልማዷ ነው። ከፈተችና «ደህና አደራችሁ?» አለች። ኃላፊዋ ድምጿን ስትሰማ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ደንበኛ ተናዶ ቢደውልና ቢሳደብ ምን ያደርጋሉ?»

«እስኪጨርስ ዝም ብዬ እሰማዋለሁ። የተናደደ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የሚሰማው ሰው ነው። ከዚያ ስሙን ጠርቼ ችግሩን እጠይቀዋለሁ።»

ኃላፊዋ ጻፈች። ነገሩ ጥሩ ይዞ ነበር። ግን ባልየው እጁ ሲዝል ሶኬቱ ላላ ይልበታል፤ የላፕቶፑ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። እሷ ወደ ታች ታይና ማይኩን ዘግታ «ያዘው!» ትላለች። «ያዝኩት!» ይላል። ሌላ ጥያቄ፣ ደግሞ ወደ ታች፣ ደግሞ «ያዘው!» በመጨረሻ አቧራው አፍንጫው ገብቶ ሲያስነጥስ ሁሉም ነገር ጨለመ።

እስኪነሣ ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ስትመለስ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ መብራት ጠፍቶ ነው» አለች። ባሌ ከስር ሶኬት ይዞልኛል ማለት እንዴት ይሆንላት? አፈረች። አሁን ደግሞ ምስሉ እየደረቀ አስቸገረ። መነጽራሙ «ኔትወርኩ ከብዷል፤ ካሜራውን ያጥፉትና በድምፅ እንጨርስ» አላት። ጨረሱ። «እናመሰግናለን እመቤት፣ እንደውልልዎታለን» አሏት። አመሰገነችና ማይኩን ዘጋች።

መስመሩን ግን አልዘጋችም። ቀድማ ዘግታ አታውቅማ! የደወለው ሰው እስኪዘጋ መጠበቅ ነው የሥራው ደንብ። ጠበቀች።

«ወጣች?» አለ መነጽራሙ። ካሜራዋም ማይኳም ዝግ ስለሆነ የሄደች መስሎታል፤ አንቱታውም አብሯት ወጥቷል።

«ወጥታለች። ድምጿ ግን እንዴት ደስ ይላል!»

«ደስስ ይላል። ግን ዓይኗን አላየሽም? ጥያቄ በጠየቅናት ቁጥር ወደ ታች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ማይኩ ይዘጋል። ጭራሽ መብራት ጠፋ ብላ ተነጋግራ መጣች። መልስ የሚነግራት ሰው ከጠረጴዛው ስር አለ እልሻለሁ።»

ኃላፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ውይ! እኔ እኮ ወድጃት ነበር። ካጭበረበረችማ ምን ይደረጋል፣ ሰርዛት።»

እሷ በማዳመጫው ሁሉን ሰማች፤ ጣቷ ወደ ማይኩ ሄደ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ካሜራውን ከፍታ፣ ላፕቶፑን ዘንበል አድርጋ፣ ያንን ሽበታም ሰውዬ ብታሳያቸው ያልቅ ነበር። ግን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ነገር በዚያ መስመር ሲያልፍ ሰምታለች፤ የባልና የሚስት ጠብ፣ ቤተሰብ ሳይሰማ የሞተ ሰው መርዶ። አንድም ቀን በሰው ወሬ መሐል ገብታ አታውቅም። ጣቷ እዚያው ቆመ። ውስጧን ፈተሸችው፤ ንዴትም የለም፣ ሐዘንም የለም። ሁለቱ ሰዎች ተራ በተራ ከስክሪኑ ጠፉ።

ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች።

«ጨረሳችሁ?» አለ ከስር።

«ጨረስን።»

«ምን አሉሽ?»

«እንደውላለን አሉ።»

«አላልኩሽም!» ጉልበቱን እያሸ፣ ወንበሩን እየተደገፈ ወጣ። ፀጉሩ አቧራ ለብሷል፤ አውራ ጣቱ ሶኬቱን ሲጫን ውሎ ቀልቷል። እንዲህ ደስ ብሎት ካየችው ዓመት አልፏል። «ድምፅሽን ስሰማ እኮ ኮራሁ! ግን እውነቱን ተናገሪ፣ እኔ ከስር ባልኖር ኖሮ ጉድ ሆነሽ አልነበር?»

አቧራውን ከፀጉሩ ላይ አራገፈችለት።

«ልክ ነህ» አለችው። «አንተ ባትኖር ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር።»