ባንድ ዓይን የሚሳል ሰው

ልጄ ቀለበት ያሰረች ዕለት ማታ ስታለቅስ አደረች። «ኢማ፣ የእጮኛዬ እናት አልወደደችኝም» አለችኝ፤ «ኢማ» በዕብራይስጥ እማዬ ማለቷ ነው። «ሠርጉ ላይ እነሱ ባንድ ወገን፣ እኛ በሌላ ወገን ተኮፍሰን ልናመሽ ነው።»

ምን ልበላት? እኔም አይቻለሁ። እዚህ አገር የልጅሽን አማት «መሑቴኔት» ይሏታል። የእኔዋ መሑቴኔት ወላጆቿ ከሞሮኮ የመጡ፣ መሀል ከተማ የምትኖር ሴት ናት። ያን ቀን ጥቁር መነጽሯን ሳታወልቅ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ እህል ቀምሳ ሳትጨርስ ነው የወጣችው።

ልጄ ዓይኗን ጠርጋ መላ አመጣች። «ሁለቱን ቤተሰብ አንድ ላይ አድርገሽ ሥዕል ሥሪልን። አዳራሹ መግቢያ ላይ እናቆመዋለን።»

ዕድሜዬን ፖሌግ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ዕቃ ሳሽግ የጨረስኩ ሴት ብሆንም፣ ሥዕል ከአጎቴ ተምሬያለሁ። አጎቴ ጎንደር ውስጥ ቆዳ ላይ እየሳለ ለቱሪስት ይሸጥ ነበር። የሚስለው ሁልጊዜ የተሰበሰበ ሰው ነው፤ ደቦ፣ ሠርግ፣ ሲግድ የሚባለው በዓላችን። ሕጉንም አስተምሮኛል። ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሳላል፤ ሁለት ትልልቅ ዓይን ይደረግለታል። ሰይጣንና ነፍሰ ገዳይ ግን በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ይህ የአገራችን የሥዕል ወግ ነው እንጂ አጎቴ ከሆዱ ያወጣው አይደለም።

ሙሽራው የእናቱን ፎቶዎች በስልክ ላከልኝ። ሁሉም በጎን! «ፊት ለፊት የተነሳችው የለም ወይ?» ብዬ ብጠይቀው «እናቴ ፊት ለፊት አትነሳም» አለኝ። እንግዲህ ምን ላድርግ? የልጄን አማት ሰይጣን አድርጌ በር ላይ ላቁማት? የእኛ ሽማግሌዎች ሲያዩዋት ምን ሊሉ! አላደርገውም አልኩ። አንዷን ዓይን ከፎቶው አየሁና ሌላዋን በእሷ አምሳል ሠራሁላት። እንዴት ያለች ቆንጆ ወጣች መሰላችሁ! ለራሴም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ልጄ ኪርያት ኖርዳው ሰፈር ወዳለው ቤታችን መሑቴኔቴን ይዛ መጣች። ሥዕሉ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፏል። እሷም ቆማ አየች፣ አየችና «ይህቺ እኔ አይደለሁም» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

«ኢማ፣ ምን አደረግሽ?» አለች ልጄ። ፊቷ አመድ መስሏል።

ተከትያት ወረድኩ። ደረጃ ስወርድ ጉልበቴን ያመኛል፣ ግን የልጄ ትዳር በሩን ዘግቶ እየሄደ ጉልበት ማን ያስባል! አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ደረስኩባት።

«ምን በደልኩሽ?» አልኳት። በዕብራይስጥ አንቱታ የለም፤ ተቆጥተንም አንቺ ነው የተባባልነው።

«አሾፍሽብኝ» አለችና መነጽሯን አወለቀች። ግራ ዓይኗ ነጭ ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ አላይም። እንደ ፎቶው በጎን መሳል ምን ነበረበት?»

ክው አልኩ። ደግነቱ እውነቱን ከመናገር ሌላ ዘዴ አልመጣልኝም። በተሰባበረ ዕብራይስጤ፣ በእጄም ጭምር፣ በእኛ አገር በጎን የሚሳለው ማን እንደሆነ ነገርኳት። «ስለ ዓይንሽ ማን ነገረኝ? ልጄን የምሰጣትን ሴት እንዴት ሰይጣን አድርጌ ልሳላት?» አልኩ።

መነጽሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ «ስለዚህ በፎቶዎቼ ሁሉ ሰይጣን ሆኜ ነው የኖርኩት?» አለች።

«እኔ አላልኩም፣ አንቺ ነሽ ያልሽው!»

በሳቅ ፈነዳች። እኔም አልቻልኩም። ፌርማታው ወንበር ላይ ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ አውቶቡሷ መጥቶ ሄደ። ሳቁ ሲበርድላት «ቀለበቱ ዕለት ጥግ የያዝኩት ሰው እንዳያየኝ ነው» አለች። «ልጅሽንማ እወዳታለሁ። እሷ ምን አጠፋች?» እፎይ! እዚያው ፌርማታው ላይ እልል ማለት አማረኝ።

ተመልሰን ወጣን። ልጄ በሩ ላይ ተገትራ ነበር፤ መሑቴኔቴ ጉንጯን ስማት አለፈች። ከዚያ ወንበር ስባ መስኮቱ ጋ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። መነጽር የለ፣ ዘወር ማለት የለ። «እኔን ሳይኝ» አለች። «እንዳለሁ።»

አጎቴ ይህን አላስተማረኝም። አንዱን ዓይን ጥቁር፣ አንዱን ነጭ አድርጌ፣ በዚያው ሥዕል ላይ ፊት ለፊት እንደገና ሳልኳት።  ስጨርስ ተነስታ ተጠጋች። ጣቷን ሥዕሉ ጠርዝ ላይ፣ ከዘመዶቼ ሁሉ ኋላ ራሴን ወደሳልኩበት ቦታ ቀሰረች።

«አንቺ እዚያ ጥግ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እኛ በዚህ ወገን ነን፣ እናንተ በዚያ» አልኳት።

«ተይ እባክሽ» አለች፤ ሥዕሉ ላይ በግራዋ ያለውን ባዶ ቦታ እያሳየችኝ። «በዚህ በኩል ሰው ሲመጣብኝ አላይም። ለዚያ ነው ማንንም የማላስጠጋው። አንቺ እዚህ ቁሚልኝ።»

ቀለም በጥብጬ፣ ሥዕሉ ላይ በግራዋ ቆምኩላት።