የድንኳኑ ሸራ

አባቴ የሞተ ዕለት ሙቀቱ የኅዳር አልነበረም። መካነ ሰላም በኅዳር ጠዋት ጋቢ የሚያስደርብ አገር ነው፤ ያን ቀን ግን ከዓባይ ሸለቆ የሚመጣው ነፋስ ሞቃትና እርጥብ ሆነብን። አስከሬኑ ቤት ውስጥ ነው። እኛ ደጅ፣ ቅሬው፣ የሰፈሩ የቀብር ማኅበር፣ በጣለው ድንኳን ሥር ተቀምጠን፣ ታላቅ ወንድሜ ከደጎሎ እስኪደርስ እንጠብቃለን።

እናቴ አላለቀሰችም። ሴቶቹ «ደንግጣ ነው» ይላሉ። እኔ ግን ፈራሁላት።

እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ ቀጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ ከሰሜን አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ መጣ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ከሞቃቱ ሥር ገብቶ ወደ ላይ እንደሚያነሳው፣ የተነሳው ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ደመና እንደሚሆን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። ቀና ስል በሸለቆው በኩል ጥቁር ደመና ሽቅብ እየተቆለለ ነው።

«በረዶ ሊመጣ ነው» አልኩ፤ አፌ መቼ ያርፋል!

«ምነው አንተ፣ ዛሬ እንኳ ትምህርቱን ብትተወው» አሉኝ የቅሬው ዳኛ።

ጎረቤታችን ግን ሰምታ ብድግ አለች። አምና ባሏን የቀበረች፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሙስሊም ሴት ናት። የዓመት ቀለቧ፣ ትናንት የተወቃው ስንዴ፣ ከቤታችን ማዶ አውድማው ላይ እንደተሰጣ ነው፤ ጠዋት ልታነሳው ስትል ለቅሶውን ሰምታ ጥላው መጣች። አስከሬን ሳይወጣ ወደ እህል መሄድ ደግሞ ነውር ነው። ተመልሳ ተቀመጠች፤ አንገቷን ወደ አውድማው ታሰግጋለች።

እናቴ አየቻት። «ድንኳኑን አንሱት» አለች።

«ኧረ በማርያም! አስከሬን ሳይወጣ?» አሉ ዳኛው።

«እሱ ጣራ ሥር ነው፣ አይዘንብበትም። ሸራውን ስንዴው ላይ ጣሉላት። ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ!»

ወንዶቹ ሸራውን ገፈው ሮጡ፤ ጎረቤታችንም ተከተለቻቸው። ወዲያው ሰማዩ አጓራ፤ በረዶው ወረደ። የቀረው ለቀስተኛ ሁሉ ቤት ገባ፤ እናቴ ብቻ ራቁታቸውን በቀሩት ምሰሶዎች መሃል ቆመች፣ ዐይኗ አውድማው ላይ። ጋቢዬን ላልብሳት ስል ገፋችኝ።

ሲያባራ ጎረቤታችን ልብሷ ገላዋ ላይ ተጣብቆ መጣች። የእናቴን መዳፍ ከፍታ አንድ እፍኝ ስንዴ አደረገችበት።

«ደረቅ ነው» አለቻት። «አላህ ያጥናሽ፣ እህቴ።»

እናቴ እህሉን ዳሰሰችው። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞራ፣ በየማታው አባቴን እንደምትጠራው፣ «አንተ! ተረፈላት እኮ!» አለች።

መልስ ጠበቀች። ያኔ ነው ያለቀሰችው።