የጓድ ተሾመ አውሮፕላን

ባለፈው እሑድ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን የቀረሶ ዓሣ ጥብስ ስንበላ የወንድሜ ልጅ ዮናስ ስልኩን አፍንጫዬ ድረስ አስጠጋና «አክስቴ፣ ይችን እይልኝ» አለኝ። አራት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ናት። ዮናስ እንደሚለው ወደፊት ሰው እንደ ባጃጅ በየደጁ ያቆማታል፤ ጎንደር ምሳውን በልቶ ለመክሰስ እዚህ ይመለሳል።

«ምን ችግር አለው? ከዚህ ደቅ እኮ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው!» አለ፣ በያዘው የዓሣ አጥንት ወደ ደሴቱ እየጠቆመ።

ሳቄ ሲመጣ ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ሊቀር ነበር። አሥራ አምስት ደቂቃ! ይችን ቃል ዮናስ ሳይወለድ ሌላ ሰው ነግሮኝ ነበር።

ጊዜው ደርግ ነው። በእንስሳት ጤና ተመርቄ፣ የምረቃ ጫማዬ እንኳ ሳያረጅ ባሕር ዳር ተመደብሁ። ያኔ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚባል ነገር አልተፈጠረልኝም። ወረፋ ላይ እግሬን ይነዝረኛል፤ ሰው ወሬ ሲያስረዝም እኔው ጨርሼለት እሄዳለሁ። እንዲህ ያለችውን ልጅ ነው እንግዲህ የቢሮው ኃላፊ፣ ጓድ ተሾመ፣ የመድኃኒት መጋዘን ቁልፍ ሰጥተው ጠርሙስ ስትቆጥር እንድትውል ያደረጓት።

«ጓድ፣ እኔ የተማርሁት ከብት ለማከም ነው» ስላቸው፣

«ኮርማ ቢወጋሽ ለእናትሽ ምን ልበላት?» ይሉኛል። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሆዳቸው ሰፊ፣ ሳቃቸው ከሆዳቸው የሰፋ ሰው ነበሩ። ግን መስክ የወንድ ነው ብለው ደምድመዋል።

በዚህ መሐል ከሐይቁ ዳርቻ የደስታ በሽታ ተነሣ ተባለ። ስሙ ደስታ ይባል እንጅ የገባበት በረት በሬ አያስተርፍም። የደቅ ሰዎች «ሳይሻገርብን ክተቡልን» ብለው ጻፉ። ለምኜ፣ ነዝንዤ፣ ለቅድመ ዝግጅቱ ብቻ ተላክሁ። በቢሮው ጀልባ አራት ሰዓት ሙሉ ሳስታውክ ሄጄ ቄሰ ገበዝ አስረስን አገኘኋቸው። ቤተ ክርስቲያኑን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው፤ በደሴቱ ሰው የሚሰማውም እሳቸውን ነው።

«በሥራ ቀን በሬውን ከየማሳው ማን ይሰበስብልሻል?» አሉኝ። «በኅዳር ሚካኤል ነይ። የዚያን ዕለት ሰውም በሬም ያርፋል። ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው ላይ አስቆምልሻለሁ። ካመለጠሽ ግን ውቂያ ይገባል፤ ሁለተኛ አንድ ላይ አታገኛቸውም።»

ሁሉም በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አውሮፕላኗ መጣች። አንበጣ ልታስስ የመጣች፣ ክንፏ ከላይ የሆነ፣ ነጭ ትንሽ አውሮፕላን። ጓድ ተሾመ አየር ማረፊያው ሄደው አይተዋት ሲመለሱ ፊታቸው ሙሽራ መስሎ ነበር።

«ከእንግዲህ ጀልባ ቀረ!» አሉ። «ባለሙያው ጠዋት በአውሮፕላን ይወጣል፣ ሠርቶ ማታ ራቱን ከልጆቹ ጋር ይበላል። ደቅ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ካፒቴኑን ለምኜ ለሚካኤል ፈቅዶልኛል።»

«የት ታርፋለች?»

«ሜዳው ላይ ነዋ! ካርታ ላይ አይቶታል።»

«ሜዳው ላይ እኮ ከብቱ ነው የሚሰበሰበው።»

«ከብት አውሮፕላን ሲያይ ገለል ይላል።»

እዚህ ላይ መጮህ ነበረብኝ። ዝም አልሁ። ለምን ዝም አልሁ? መብረር አማረኛ! በዚያ ጀልባ ሁለተኛ ሳስታውክ መሄድ አልፈለግሁም፤ አውሮፕላኗ ደግሞ ለኔ ለችኩሏ የተሠራች ነው የመሰለችኝ። ከጓድ ተሾመ ይልቅ የጓጓሁት እኔ ነበርሁ።

የሚካኤል ዕለት ገና ሳይነጋ አየር ማረፊያው ደረስን። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ውስጥ ነው። በረዶው ከሰዓት በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ ውኃ ማለት ነው። ሐይቁን ጉም ሸፍኖታል። ካፒቴኑ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሰማዩን አየና «ትንሽ እንጠብቅ» አለ። እየጠበቅን ነዳጅ ከበርሜል በእጅ ፓምፕ ቀዱ፣ በጨርቅ አጠለሉ። እየጠበቅን ሚዛን አመጣና አንድ በአንድ አወጣን። እኔን መዘነ፤ ከአዲስ አበባ ፎቶ ሊያነሳ የመጣውን እንግዳ መዘነ፤ ሳጥኑን መዘነ። ጓድ ተሾመ ሲወጡ ሚዛኑን አየ፣ መነጽሩን ወልውሎ እንደገና አየ።

«አንድ ሰው ይወርዳል» አለ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። በቃ፣ ወራጇ እኔ ሆንሁ። «መውጋቱን እኔው እችላለሁ» አሉ ጓድ ተሾመ። እኔ እኮ ከሁሉም ቀላሏ ነበርሁ!

ጉሙ ሳሳ። አሁን ደግሞ በሩ ላይ ያለው ወታደር ወረቀቱን ገለባበጠና «የሰዎቹ ስም አለ፤ የሳጥኑ ፈቃድ የታለ?» አለ። በሬዲዮ ይጠየቅ ተባለ። ለአሥራ አምስቱ ደቂቃ መንገድ ሁለት ሰዓት ቆመናል። የሳጥኑን ክዳን ከፍቼ አየሁት፤ የበረዶው ጠርዝ መሟሟት ጀምሯል። ከዚህ በላይ አልቻልሁም። ሳጥኑን አነሣሁ።

«ወዴት ነው?» አሉ ጓድ ተሾመ።

«በጀልባ ልወስደው።»

«አብደሻል? ገና መንገድ ሳታጋምሽ ነው የምናርፈው!»

«ይረፉ። መርፌው ግን እኔ ጋ ነው።»

ፊታቸው ቀላ። «ስሚ፣ ይህ ክትባት ቢበላሽ እስከ ጡረታሽ ድረስ ከዚያ መጋዘን አትወጭም።»

«ብቀድምዎትስ?»

ሳቁ። ያ ሰፊ ሳቅ። «ከቀደምሽኝማ የደቅ ሥራ ያንች ነው፤ ቁልፉንም ትመልሻለሽ።»

የቢሮው ጀልባ የከብት ገመዱንና የተከተበው የሚለይበትን ማቅለሚያ ጭና፣ ጉሙ እስኪነሣ ወደቡ ላይ ቆማ ነበር። ነጂው አያ ደሴ የደቅ ተወላጅ ናቸው። ሳጥኑን ስሰጣቸው «ምነው፣ ሰማይ ጠበበሽ?» ብለው ሞተሩን ሳቡት።

የዚያን ቀን ሐይቅ ዛሬም በዓይኔ ላይ ነው። ጉሙ እንደ አይብ ተቆራርሶ እየተነሣ፣ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ከዳርቻው የደንገል ሣር መሐል ብቅ እያሉ። ውበቱን ግን ያየሁት አሁን ሳስታውሰው ነው። ያኔ ሳጥኑን በነጠላዬ ሸፍኜ ላዩ ላይ ተቀምጫለሁ።

«አያ ደሴ፣ ኧረ ይጨምሩ!»

«ሞተሩን ነው ሐይቁን?» ይላሉ። በሶ በጥብጠው ሰጡኝ፤ ያለዚያ እንደ ባለፈው ታስታውኪያለሽ ብለው። እውነትም የዚያን ቀን አላስታወከኝም። መናደድም መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም።

ከሐይቁ መሐል ስንደርስ ድምፁ መጣ። ነጯ አውሮፕላን በላያችን አለፈች፤ በመስኮቷ የጓድ ተሾመ ወፍራም እጅ ሲወዛወዝ ታየኝ። እንባዬ መጣ። ያ የመጋዘን ሽታ፣ ያ የጠርሙስ ቆጠራ አፍንጫዬ ሥር መጣ።

አያ ደሴ ቀና ብለው አዩና መሪያቸውን አስተካከሉ። «ማለፉንስ አለፈ፤ ግን የት ሊያርፍ ነው? ዛሬ ሚካኤል አይደል?»

አሻግሬ አየሁ። አውሮፕላኗ በደሴቱ ላይ እንደ ጭልፊት ዞረች። ደግማ ዞረች። ዝቅ አለች፤ ዛፎቹ ጋ ስትደርስ እንደገና ሽቅብ ጮኸች። ሦስተኛ ዞራ ወደኛ መጣች። በላያችን ስታልፍ መስኮቱ ላይ የሚወዛወዝ እጅ አልነበረም። ወደ ባሕር ዳር ተመለሰች።

ጀልባዋ ላይ ተነሥቼ እልል አልሁ። አያ ደሴ «ቁጭ በይ፣ ሳጥኑን ልትደፊው ነው!» ይጮሁብኛል፤ እኔ እልልታዬን አላቆምሁም።

ደቅ ስንደርስ ግን ያለቀ መስሎኝ ተሞኘሁ። ዝቅ ያለችው አውሮፕላን ግማሹን ከብት አስበርግጋ ደንገል ውስጥ አስገብታዋለች። ቄሰ ገበዝ ጥላቸውን እንደ ዘንግ ይዘው ወደብ ላይ ጠበቁኝ።

«ያ ጢንዚዛ የማን ነው?»

«የቢሯችን ነው፣ አባ።»

«አንችስ የማን ነሽ?»

«እኔም የቢሮው ነኝ።»

«እንግዲያው የበረገገውን መልሽ!»

ጫማዬን አወለቅሁና ደንገሉ ውስጥ ገባሁ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ። ወንዱም ሴቱም በየፊናው ከኔ ጋር ገባ፤ በሬዎቹን በየስማቸው እየጠሩ አንድ በአንድ አወጡ። መጨረሻ የወጣው አንገቱ እንደ ግንድ የወፈረ ቀይ ኮርማ ነበር። ባለቤቱ ገመዱን ይዞ «ይኸንንስ ወንድ ይላኩልን» አለ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ መርፌዬን ሞላሁና «አንተ ያዝ፣ ፈርተህ እንዳትለቀው ብቻ!» አልሁት። ኮርማው አንዴ ተወራጨ፣ ገመዱን የያዘው ሰውዬ ወደቀ፣ እኔ ወግቼ ጨርሼ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁሉም በሬውን እየጎተተ ተሰለፈ።

የመጨረሻዋን ጊደር ስወጋ ሳጥኑ ውስጥ ጭብጥ የምታህል በረዶ ቀርታ ነበር። አውጥቼ ለቄሰ ገበዝ ሰጠኋቸው። መዳፋቸው ላይ አገላበጧት፤ ውኃዋ በክርናቸው ወረደ።

«ይች ናት እንግዲህ ስታስሮጥሽ የዋለችው?» አሉኝና ሳቁ። ከዚያ የሚካኤል ዳቦ በትልቁ ቆርሰው አቀበሉኝ፤ ጠላውን ቆሜ ጠጣሁት። እጄ የከብት ሽታ፣ እግሬ የደረቀ ጭቃ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ድግስ ላይ ተጋብዣለሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም።

ሰኞ ጠዋት የመጋዘኑን ቁልፍ ጓድ ተሾመ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁ።

«ነፋሱ ነው ያስቸገረን» አሉ፣ ቁልፉን ሳያዩ።

«ነፋሱ ቀንድ ነበረው?» አልኋቸው።

ያ ሰፊ ሳቃቸው መጣ። ቁልፉን መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ለበላይ የተጻፈው ሪፖርት «ክትባቱ በአየር ድጋፍ ታግዞ በስኬት ተጠናቋል» ይላል። ፈረምሁበት። የፈለጉትን ይጻፉ፤ ቁልፉ እሳቸው ጋ፣ መርፌው እኔ ጋ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጡረታዬ በመስክ ኖርሁ።

ይኸን ለዮናስ ስነግረው ዓሣው በርዷል። «ጥፋቱ የሰዎቹ እንጅ የአውሮፕላኗ አይደለም» ብሎ ተከራከረኝ። ልክ ነው። እኔም አውሮፕላን አልጠላሁም፤ ነፍስ የሚያድን ጉዳይ ካለ ዛሬም እሳፈራለሁ። ግን የዕለት መንገድ ሌላ ነው። የዕለት መንገድ ጉሙንም፣ በርሜሉንም፣ ሚዛኑንም፣ በሩ ላይ ያለውን ወታደርም ይጨምራል። ካርታው ላይ ባዶ ሆኖ የሚታየው ሜዳም የሰው ሜዳ ነው፤ ምን ቀን ምን እንደሚቆምበት የሚያውቁት እነቄሰ ገበዝ ናቸው። ያኔ እሳቸውን የጠየቅሁት እኔ ነበርሁ፤ የቀደምሁትም ለዚያ ነው።

«ቆይ፣ አክስቴ» አለ ዮናስ፣ አሁንም አልተሸነፈም። «ደቅ ለመድረስ ግን ስንት ደቂቃ ፈጀባት?»

«አሥራ አምስት» አልሁት። «እስካሁን ግን አላረፈችም።»