የነጡት የወንዝ ድንጋዮች

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴን የአንተነህን የአረም መድኃኒት መርጫ በድንጋይ ሰባበርኩት።

ከስንዴ ማሳው ሲመለስ ወንዝ ውስጥ ሲያጥበው ደረስኩበት። «ተው» አልኩት።

«እማማ፣ ውሃው ይወስደው የለ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ደግሞ መድኃኒቱ በጀን። ድንጋዩን የሸፈነው አረንጓዴ ለቋል፣ ከእንግዲህ ማን ያንሸራትተናል?»

ከዚያ በኋላ ራሴን አላወቅሁም። ነጥቄው ቀጠቀጥኩት። ሊይዘኝ ሲል ክንዱን ነከስኩት፤ ደሙ አፌ ውስጥ ገባ።

ልጄ እመቤት ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ይህንኑ አረንጓዴ፣ አልጌ የሚሉትን፣ ነበር። የወንዙን ውሃ ከአረንጓዴው ጋር በብልቃጥ ትቀዳና በአንዱ ጥቂት፣ በሌላው ብዙ መድኃኒት ጨምራ በየትኛው እንደሚሞት ታያለች።

«እማ፣ ድንጋዩ ሲነጣ ውሃው ጠራ እንዳትይ» ትለኝ ነበር። «አረንጓዴውን የሚበላው ትል በረሃብ ያልቃል፤ ትሉን የሚበላው ዓሣም ያልቃል።»

አምና እዚሁ ወንዝ ዳር «መርጫህን እዚህ አትጠብ» ያለችው ሰው ጭንቅላቷን በአካፋ መታት። መርዶው የደረሰኝ ግምጃ ቤት ከተማ፣ ገበያ ውስጥ ነው። ሮጬ ስደርስ ብልቃጦቿ ተሰባብረዋል፤ ደሟ በነጣው ድንጋይ ላይ ደርቋል።

ሰውየው ታስሯል። መርጫ ግን ዛሬም እዚያው ይታጠባል።

የአንተነህን ክንድ በነጠላዬ አሰርኩለት። «እማማ፣ ለካ ጥርስዎ አልረገፈም» አለኝና እሱም እኔም አለቀስን።

በእናንተ ወንዝስ ድንጋዩ ነጥቷል? ያያችሁትን ጻፉልኝ።

ለልጄም አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙላት። የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ነው።