አብሮ አደጌ ድራም የመታበት ዘፈን

ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማሁት ሲያትል አጠገብ፣ ኬንት፣ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ ተቀምጬ ነው። ሬዲዮው ላይ ድራሙ ሲገባ፣ ጊታሩ ሳይከተል፣ የሚመታው ማን እንደሆነ አወቅሁ። አብሮ አደጌ ነው። አንድ ሰፈር አድገን፣ ሲያትልም መጥተን፣ እሱ ድራም እኔ ቤዝ ጊታር እየተጫወትን ያላደመቅነው የሐበሻ ሠርግ የለም።

"አሪፍ ዘፈን ነው አይደል?" አለኝ የሥራ ባልደረባዬ ራሱን እየነቀነቀ።

"ደህና ነው" አልኩት። ፎርክሊፍቱን አስነስቼ ከሬዲዮው ራቅሁ።

ሌክ ሲቲ የሚባለው የሲያትል ሰፈር ስንኖር ከእኛ በታች ባለው አፓርታማ ከአላባማ የመጡ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። ሳውዘርን ሮክ የሚባለውን፣ ጊታሩ የሚያጓራውን የአሜሪካ ደቡቦች ሙዚቃ ይጫወታሉ። ድራም የሚመታላቸው ሰው ሲያጡ ጓደኛዬን ጠየቁት። ቤዙን ታላቅየው ስለያዘው ለእኔ ቦታ አልነበረም። "ሂድ፣ ሞክረው" አልኩት። ወር ሳይሞላው ይመለሳል ብዬ ነበር።

አልተመለሰም። ያ ሬዲዮ ላይ የሰማሁት ዘፈናቸው አገር ምድሩን አዳረሰ። ከቅዳሴ ወጥተን ቆመን ሳለ አንዲት እናት "ልጄ፣ ጓደኛህ እኮ ታዋቂ ሆነ! አንተስ አብረኸው አልነበርክም?" አሉኝ። መኪና ውስጥ ጣቢያ ልቀይር ስል ልጄ ከኋላ "ዳዲ፣ ኖ! ተርን ኢት አፕ!" እያለች ድምፁን ታስጨምረኛለች። የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ ደግሞ ሽፋኑ ላይ ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ አሮጌ ፒክአፕ ተደግፏል። አላባማን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው!

የአልበሙ ምረቃ ኮንሰርት ሲደርስ ኮል አደረገልኝ።

"ስማ፣ ታላቅየው እጁ ተሰበረ። ቅዳሜ ቤዙን አንተ ያዝልን።"

"ሥራ ነኝ።"

"ሶ፣ የአንድ ቀን ኦፍ ጠይቅ! ዘፈኖቹን ታውቃቸው የለ?"

አውቃቸዋለሁ። ተደብቄ አልበሙን ሙሉውን በቃሌ ይዤዋለሁ።

"ኦኬ" አልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፓርክ ውስጥ፣ ሕዝቡ ሣሩን ሞልቶታል። ያ ዘፈን ሲጀመር ሁሉም አብሮ ዘፈነ። ጓደኛዬ ዞሮ አየኝና ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ዘፈኑ እስኪያልቅ የቆጨኝን ሁሉ ረሳሁ። ከዚያ ዘፋኙ አባላቱን በየስማቸው ጠራ፤ እኔ ጋ ሲደርስ "ዛሬ ያገዘን ወዳጃችን" አለ። ተጨበጨበልኝ፤ እንደ እንግዳ።

ከመድረክ ስንወርድ አንዲት ሴት ስልኳን ሰጠችኝና ከጓደኛዬ ጋር ፎቶ እንዳነሳት ለመነችኝ። አነሳኋት። ፎቶው ላይ እሱ ዓይኑን ጨፍኗል። "ቆንጆ ወጥቷል" ብዬ ስልኳን መለስኩላት።

"እንደ ድሮው ነበር አይደል?" አለኝ ትከሻዬን አቅፎ።

"እንደ ድሮው ነው" አልኩት።

የታላቅየው እጅ ዳነ፤ እነሱም ለኮንሰርት ከከተማ ከተማ መዞር ጀመሩ። እኔ ወደ ሠርግ ሥራዬ ተመለስኩ። አዲሱ ድራም መቺችን ትሑትና ጎበዝ ነው። ያም ሆኖ በየልምምዱ ፈጠንክ፣ ዘገየህ እለዋለሁ። ባለፈው ሾርላይን ከተማ ስንለማመድ የድራም በትሮቹን አስቀመጠና "ወንድሜ፣ ከማን ጋር ነው የምታወዳድረኝ?" አለኝ።

"ከማንም" አልኩና ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።